ከአንድ ዋንጫ

አሻግሬ ልጅ የሚገርፈው ተቆጥቶ አይደለም። የተቆጣ ሰው ይወጣለትና ይጸጸታል፤ እሱ ግን አለንጋውን የሚያነሳው አናጺ መዶሻውን እንደሚያነሳ ነበር። ይመታል፣ ቆም ብሎ ያያል፣ ያልተስተካከለ እንደሆነ ይደግማል። አምቦ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ባለው ተማሪ ቤት የስፖርት አስተማሪ ሆኖ ከተቀጠረ ወዲህ፣ የሱ ሰንበር ባቱ ላይ ያላረፈበት ሯጭም፣ ዘላይም፣ ኳስ ተጫዋችም አልነበረም። ወላጅ ደግሞ አይከሰውም። እንዲያውም ልጁን በእጁ እየጎተተ ያመጣና፣ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ፤ ሌላው የእርስዎ ነው» ብሎት ይሄዳል።

ልጆቹ ግን ያሸንፉ ነበር፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ከጊንጪ ጋር ይሁን ከጉደር፣ ውድድር በተደረገ ቁጥር ዋንጫው ተመልሶ አምቦ ይገባል። ከሁሉም የሚበልጠው ጉታ ሙለታ ነበር። ከወንጪ ሐይቅ አፋፍ የመጣ፣ አስራ አንደኛ ክፍል የደረሰ፣ ዝምተኛ፣ ትከሻው በር የሚዘጋ ወጣት ነው። ጦር ሊወረውር ሲነሳ ሜዳው በሙሉ ዝም ይላል። መጀመሪያ ሲመጣ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ሮጦ መጥቶ መስመሩ ጋ ሲደርስ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ያመነታል። አሻግሬ ያቺን ማመንታት በአለንጋ አወጣለት። «ጦር የያዘ እጅ አያስብም!» እያለ፣ ልጁ ባመነታ ቁጥር ባቱን ይልጠዋል። በሁለተኛው ዓመት ማመንታቱ ጠፋ። ዓይኑ ካየ፣ እጁ ለቀቀ ማለት ነው።

አሻግሬ ለራሱ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሰው ፊት ቆሞ ደረቱ ላይ ሜዳሊያ እንዲንጠለጠልለት። የሚስቅ ይሳቅ። ሰውዬው ኮሪያ ዘምቷል፤ በረዶ ላይ ተኝቷል፤ ጓዱን ተሸክሞ ተራራ ወርዷል። ለሽልማት ሰልፍ በቆመበት ዕለት ግን አንድ መቶ አለቃ «ቁልፍህን ቆልፍ» ብሎ ደረቱን ቢነካው በጥፊ አጋጨውና ከሰልፉ ተጎትቶ ወጣ። ጓዶቹ ሲሸለሙ ጭብጨባውን የሰማው እስር ቤት ሆኖ ነው። ከዚያ ወዲህ ሚስትም አላገባ፣ ወደ ተወለደበት ወደ መንዝም አልተመለሰ። ባዶ ደረት ይዞ ማን ቤት ይገባል?

ስለዚህ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ዲሬክተሩ ጠርተው ወሬውን ሲነግሩት ሳያውቀው ደረቱን ዳበሰ። በአውራጃው ካሉት ተማሪ ቤቶች ብልጫ ያሳየ አንድ ስፖርተኛ፣ አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ የስፖርት ኃላፊ በሕዝብ ፊት ሊሸለሙ ነው። ስፖርተኛው ጉታ። አሠልጣኙ አሻግሬ። ኃላፊው ደግሞ የጊንጪው አቶ ከበበው፤ ረግረጉን አስጠርጎ ሜዳ ያወጣ፣ ነጋዴውን እየለመነ ለተማሪ ጫማ የሚገዛ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ወፍራም ሰው።

«አንድ ነገር አለ» አሉ ዲሬክተሩ። «ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ሦስቱም አብረው እንዲቆሙ ይፈልጋል። ከአንድ ዋንጫ ጠጥተው ፎቶግራፍ ይነሳሉ። አንዱ ከጎደለ ሽልማቱ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፋል ብሏል።»

«ማን ይጎድላል ጌታዬ?» አለ አሻግሬ፤ ሳቁን መደበቅ አቅቶት።

በማግሥቱ ጉታ ልምምድ ላይ ጦሩን ሳያነሳ መጥቶ ፊቱ ቆመ።

«ጋሼ፣ እኔ ሽልማቱን አልፈልግም።»

«ምን አልክ?»

«ከከበበው ጋር አልቆምም። በመካከላችን ደም አለ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የጉታ ታላቅ ወንድም ፉፋ ፈረሱን እየሳበ ጊንጪ ገበያ ገባ። ፈረሱ የከበበውን ታናሽ ወንድም በድሉን ገፋው። በስድብ ተጀምሮ በዱላ አለቀ። ፉፋ ከእህል ጆንያዎቹ መሃል ወድቆ፣ አባቱ ሳይደርሱ ሞተ። በድሉ ተይዞ ተፈረደበት፤ ወህኒ ወረደ። በመንግሥት በኩል ነገሩ አልቋል። በቤት በኩል ግን ገና አልተነካም። የሟች ቤትና የገዳይ ቤት በሽማግሌ ፊት ጉማ እስኪያወጡ፣ ካሣው ተቆርጦ ደሙ በሥርዓቱ እስኪታጠብ ድረስ፣ ሁለቱ ቤቶች አንድ መንገድ አይሄዱም፤ ከአንድ ዕቃ አይበሉም፤ ከአንድ ዕቃ አይጠጡም።

«በድሉ ታስሯል አይደለም ወይ?» አለ አሻግሬ። «ከበበው ምን አደረገህ?»

«የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ጋሼ። ሽማግሌዎቹ ከመስቀል በኋላ ብለዋል። ደሙ ከታጠበ ከፈለጉት ሰው ጋር ያቁሙኝ። አሁን ከሱ ጋር ከጠጣሁ ግን የፉፋን ደም ጠጣሁ ማለት ነው።»

«አስራ አንደኛ ክፍል ደርሰህ ይኸን ታወራለህ?»

«አባቴ አስራ አንደኛ ክፍል አልደረሰም» አለ ጉታ፤ እንደ ቀልድ ሳይሆን፣ የምሩን።

አሻግሬ አለንጋውን አነሳ። ያን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተቆጥቶ ነበር። ልጁ የግቡን ቋሚ አቅፎ ቆመለት። አለንጋው ሸሚዙን ቀደደ፣ ከዚያ ቆዳውን ቀደደ፤ ደሙ በቀበቶው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ሌሎቹ ተማሪዎች ሩጫቸውን አቁመው ፊታቸውን አዞሩ። አሻግሬ እየመታ ይናገር ነበር፤ ስለ ኮሪያ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ጭብጨባው፤ ምን እንዳለ በኋላ ራሱም አላስታወሰው። ክንዱ ዝሎ ሲያቆም ልጁ ግንባሩን ከእንጨቱ ሳያነሳ፣

«ይጨምሩ ጋሼ። ቢገድሉኝም አልቆምም» አለው።

የሚገርፍ ሰው የሚፈራው ይህን ነው። አሻግሬ አለንጋውን ጣለና ሳሩ ላይ ቁጭ አለ። ሜዳሊያው ከደጃፉ ተመልሶ ሲሄድ የታየው መሰለው። ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። አልቅሶ ቢሆን መልካም ነበር።

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። አሻግሬ ሁለት ባላ ተከለ፤ ሁለቱም ውሸት ነበሩ።

አንደኛውን ለመትከል በአውቶቡስ ጊንጪ ወረደ። ከበበው ከመንገዱ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጦ አገኘው። ሳቁ አልነበረም።

«ደግ መጣህ» አለው ከበበው። «እኔም ቀርቻለሁ በላቸው ልልህ ነበር። ያንን ልጅ ላስቸግረው አልፈልግም። ሁለት ዓመት ሙሉ የወንጪ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ እለቃለሁ። ዕዳው የኛ ነው። እኛ ነን መራቅ ያለብን።»

«ለሱ ነው የመጣሁት። አባቱ ፈቅደዋል።»

ከበበው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ማን? ኦቦ ሙለታ?»

«ኦቦ ሙለታ።»

«በአፋቸው?»

«በአፋቸው።»

«ደሙ ሳይታጠብ? አይሆንም እኮ፣ አሻግሬ። አንተ ያገሩን ሥርዓት አታውቅም።»

«ሥርዓቱማ ከመስቀል በኋላ ይፈጸማል። ለተማሪ ቤቱ ክብር ሲሉ ግን ለዚያች ቀን አብረው ይቁሙ፣ አብረው ይጠጡ አሉ። የእርቁ መንገድ ይጠረግ አሉ።» ይህችን የመጨረሻዋን የጨመራት ሳያስብ ነው፤ ውሸት አንዴ ከጀመረች ጌጥ ትወዳለች።

«ሽማግሌዎቹን ልጠይቅ?»

«ሰው ሰጥቶህ ሳለ ምስክር ልትቆጥርበት? ይቀየሙሃል።»

ከበበው ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ሁለት ዓመት በደም ዕዳ የታጠረ ሰው በሩ ተከፈተ ሲሉት ማን ከፈተው ብሎ አይመረምርም። ቀስ ብሎ የከበበው ዓይኖች ሞሉ። የአሻግሬን እጅ በሁለት እጁ ያዘና፣ «ዋቃ ይስጥህ፣ እግዜር ይስጥህ» አለው፤ አሻግሬም እጁን መልሶ መውሰድ አፍሮ እንደተያዘ ቆየ።

ሁለተኛውን ባላ የተከለው አምቦ ሲመለስ ነው። ጉታን ጠርቶ፣ «ከበበው ታሟል፤ አይመጣም» አለው። «ለኛ ለሁለታችን ይሰጠናል። እንግዳውም ተስማምቷል።»

ጉታ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሳመው። ሲጎነበስ ጀርባው ላይ ያለው ቁስል ሸሚዙን ይዞት ነበርና ፊቱ ተኮማተረ። አሻግሬ ያን ጊዜ ፊቱን አየ። ግን አለፈው።

ክፉ ሰው ሆኖ ነው ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። አሻግሬ ግን ከልቡ ደግ የሠራ መስሎታል። በሱ አገር፣ በመንዝ፣ ባለደሞች አንድ ማዕድ ቀርበው ሲጎራረሱ አይቷል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ሲያልቅ አይቷል። ጉታ ከጠጣ በኋላ ምን ያደርጋል? ፊት ለፊት ከተያዩ በኋላ ምን ይሆናሉ? ይቃቀፋሉ እንጂ! ያላስታወሰው ነገር ቢኖር፣ መንዝም ቢሆን ማዕዱ የሚቀርበው ሽማግሌ ወር ከወር ተመላልሶ፣ ስንት ለቅሶ ተለቅሶ፣ ስንት መሐላ ተምሎ፣ በመጨረሻ መሆኑን ነው። እሱ ግን ሯጭ ነበር፤ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ያያል።

ቀኑ ደረሰ። ማታውን ዝናብ ጥሎ ሜዳው ጭቃ አቁሯል። ከሁለት ባሕር ዛፍ መካከል በተዘረጋው ጨርቅ ላይ «የሀገረ ሕይወት ከተማ እንኳን ደህና መጡ ይላል» ተብሎ ተጽፏል፤ አምቦ በመንግሥት ቋንቋ ሀገረ ሕይወት ነበረች፤ ከጨርቁ በስተቀር እንዲያ ብሎ የሚጠራት ግን አልነበረም። ከጉደር በእግር፣ ከጊንጪ በአውቶቡስ፣ ከወንጪ በፈረስ ሰው ጎርፏል። የጉታ አባት ኦቦ ሙለታ ከዘመዶቻቸው ጋር መጥተው፣ ፈረሶቻቸውን ከባሕር ዛፉ ሥር አቁመው፣ ሽመላቸውን ተደግፈው ይመለከታሉ። አሻግሬ ሄዶ እጅ ሲነሳቸው፣ «ልጄን ሰው አደረግህልኝ» አሉት። እሱም «የእርስዎ ልጅ ነው፤ ቢያንሰው ነው» አለ። የልጁ ሸሚዝ ስር ያለውን ቁስል የነገራቸው የለም ማለት ነው፤ ልጁም አልተናገረም።

አሻግሬ ሁሉን አስልቶት ነበር። ከበበው ከባለሥልጣኖቹ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ይቆያል፤ ዋንጫውን እዚያው ይቀምሳል። ጉታ ሜዳው መሃል ጦር ወርውሮ ለሕዝብ ያሳያል። ከዚያ አሻግሬ ራሱ ዋንጫውን ይዞለት ይወጣል።

ጉታ ወረወረ። ጦሩ ከሜዳው አልፎ አጥሩ ስር ተተከለ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ኦቦ ሙለታ ሽመላቸውን ወደ ላይ አነሱት። ፎቶግራፍ አንሺው ጦሩን አስመጥቶ ለጉታ መልሶ አስያዘውና፣ «እንዲሁ ይዘህ ቁም» አለው።

ድንኳኑ ውስጥ እንግዳው ዋንጫውን በአምቦ ውሃ ሞላው። «የገዛ አገራችሁ ውሃ ነው» አለ፤ ሰዎቹ ሳቁ። ውሃው ገና ይፈላ ነበር። ከበበው ተቀበለና ጠጣ። ከንፈሩን ጠርጎ ለአሻግሬ አሳለፈ። አሻግሬ ጠጣ። ከዚያ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ፤ በጭቃው ላይ እየተጠነቀቀ፣ ውሃው እንዳይፈስ እየተጠነቀቀ፣ እስከ ጉታ ድረስ ሄደ።

«ጠጣ ልጄ።»

ጉታ ላብ አጥምቆት ነበር። በግራ እጁ ተቀብሎ እስከ አተላው ጨለጠው።

ያኔ እንግዳው የሜዳሊያውን ሳጥን ይዞ ከድንኳኑ ፊት ወዳለው መድረክ ወጣ፤ ድምፅ ማጉያው ተንጫረረ። «አሁን ደግሞ ከአንድ ዋንጫ የጠጡትን ሦስት ተሸላሚዎች አብረው እንዲቆሙልን እንጋብዛለን! ስፖርተኛ ጉታ ሙለታ! አሠልጣኝ አሻግሬ! የስፖርት ኃላፊ፣ የጊንጪው አቶ ከበበው!»

መጋረጃው ተገለጠ። ከበበው በአዲስ ኮቱ፣ ጉንጩ በእንባ ረጥቦ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወጣ። «ኢልመ ኮ!» እያለ ነበር የሚመጣው፤ ልጄ ማለቱ ነው።

ጉታ ከበበውን አየ። ዋንጫውን አየ። ዋንጫው ከእጁ ወደቀ። ሁለት ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከቶ ያስመልስ ጀመር፤ ውሃው ወጣ፣ ሐሞቱ ወጣ፤ አሁንም ጣቱን ይከትታል። ከሕዝቡ መሃል አንዲት ሴት ሰው የሞተባት ያህል ጮኸች። የከተማው ሰው ምን እንደሆነ ሳይገባው ሲያጨበጭብ ነበርና፣ ጭብጨባው ከጩኸቱ ጋር ተደበላለቀ።

«ጉታ!» አሉ ኦቦ ሙለታ፤ እየሮጡ። «ምን ጠጣህ? ከማን ጋር ጠጣህ?»

መልስ የጠበቀ የለም። የወንጪ ሰዎች የሜዳውን ዙሪያ ገመድ በጥሰው ገቡ። የጊንጪ ሰዎች ከበበውን ሊያወጡ ከወዲያ ተወረወሩ። የመጀመሪያው ሽመል ሲያርፍ እንጨት እንደተሰነጠቀ ተሰማ፤ የተሰነጠቀው ግን ጭንቅላት ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ እግዜር ይወቀው። ወንበር በአየር ላይ ይበራል። ፈረሶቹ ገመዳቸውን በጥሰው በሰው ላይ ጋለቡ፤ አንድ ሽማግሌ ከአንዱ ፈረስ ሆድ ስር ገብቶ አልተነሳም። አንድ ጡሩንባ ነፊ ተማሪ አፉ ላይ በድንጋይ ተመትቶ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ ቆሟል። የድንኳኑ ካስማ ተነቀለና ሸራው በባለሥልጣኖቹ ላይ ወደቀ። ከላዩ ሰው ይደባደብበታል፣ ከሥሩ ሰው ይጮኻል። እንግዳው ብቻ በመድረኩ ላይ ቀርቶ፣ የሜዳሊያውን ሳጥን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ መውጫ ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ መሃል ጉታ ጦሩን አንስቶ ቆመ። ፊቱ ሃያ ክንድ በማይሞላ ርቀት ከበበው ቆሟል። አልሸሸም። ሊሸሽ ይችል ነበር፤ የበደለ ሰው ይሸሻል፤ እሱ ግን ምን እንደበደለ ገና አላወቀም።

«ፈቅዳችኋል ተብዬ ነው!» አለ ከበበው። «አባትህ ፈቅደዋል ተብዬ ነው የመጣሁት! በእግዜር!»

«ማን ነው ያለህ?»

ከበበው ዓይኑን ወደ አሻግሬ አዞረ። ጉታም አዞረ። የጦሩ ጫፍ ግን ከከበበው ደረት ንቅንቅ አላለም። የልጁ ፊት ላይ እንባና ትፋት ነበር። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜም አንተ አለው።

«ታውቅ ነበር?»

አንዲት ቃል ነበረች። አዎ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ሰውዬው ንጹሕ ነው ማለት። አሻግሬ አፉን ከፈተ። እውነት ለመናገር፣ ሊናገር ነበር። ግን ከመናገሩ በፊት ዓይኑ ወደ መድረኩ ሄደ፤ እንግዳውን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን የባንዲራ ጥብጣብ አየ። ይህን ከተናገርኩ አለቀ አለ በልቡ። ሌላ ነገር አላሰበም። ያቺን ታህል ብቻ ዝም አለ።

ጉታ ዝምታውን ሰማ። አስተማሪው ቢያውቅ ኖሮ ይናገር ነበር፤ ካላወቀ፣ እንግዲያው ታምሜያለሁ ብሎ እሱንም የዋሸው ከበበው ነው፤ ወንድሙን የገደለ ቤት መጥቶ በሕዝብ ፊት የወንድሙን ደም አጠጥቶት፣ በላዩ ላይ ልጄ ብሎታል። ዓይኑ አየ፤ እጁ ለቀቀ።

ጦሩ ከበበውን ከጡቱ ዝቅ ብሎ አገኘው፤ በአዲሱ ኮት ገብቶ በጀርባው ወጣ። ከበበው አልጮኸም። በሁለት እጁ እንጨቱን ያዘ፤ ሊነቅለው ሳይሆን እንዳይወድቅበት የሚደግፈው ይመስል ነበር። በጉልበቱ ወረደ። ወደ ጎን ሲወድቅ የጦሩ ጫፍ ጭቃው ውስጥ ገባና ገላው ሙሉ በሙሉ መሬት ሳይነካ ቀረ። አሻግሬን ነበር የሚያየው። እያየው ሞተ።

«አውቅ ነበር!» አለ አሻግሬ። አሁን መጣለት። «እኔ ነኝ የዋሸሁት! እሱ አያውቅም! ሰዎች ስሙኝ፣ እሱ አያውቅም!»

ማን ይሰማል? ፖሊሶቹ ወደ ሰማይ ተኩሰው በቆመጥ ሕዝቡን ይከፍላሉ። አንዱ ጉታን በጠመንጃ ሰደፍ ጀርባውን መታው፤ የቆሰለውን ጀርባ። ልጁ ሳይታገል ወደቀ፤ ሦስት ሆነው በጫማ ረገጡት። አሻግሬ በላያቸው ላይ ዘሎ አንዱን በጡጫ ጣለ፣ ሌላውን አንገቱን አነቀ፤ እየጮኸ፣ «ተዉት፣ እኔ ነኝ፣ እኔን እሰሩኝ!» ይላል። መቶ አለቃ ወልደሰንበት ከኋላ አቅፎ ነጥሎ አወጣው። የከተማው ፖሊስ አዛዥ ነበር፤ የራሱ ልጅም የአሻግሬ ተማሪ ነው።

«ጋሽ አሻግሬ፣ ይረጋጉ።»

«እኔ ነኝ የገደልኩት!»

«ደንግጠዋል። ሕዝብ ሁሉ እያየ ነው ልጁ የወረወረው፤ እኔም አይቻለሁ።»

«አትሰማም? ሁለቱንም ዋሽቻቸው ነው!»

«እሺ፤ ሌላ ቀን ይነግሩኛል» አለ መቶ አለቃው፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። «የእርስዎ ቀን ነበር፤ አበላሹብዎት። የነዚህ ባላገሮች ነገር እንዲህ ነው።» ጎንበስ ብሎ ከጭቃው ላይ ሳጥኑን አነሳ፤ እንግዳው ሲሸሽ ጥሎት ነበር። ከፍቶ አየ፣ የአሻግሬን ሜዳሊያ አወጣ፣ በእጅጌው ጠርጎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተለት። ቁልፉንም ቆለፈለት። «ይገባዎታል» አለው።

ጉታን እጁን የኋሊት አስረው በአጠገቡ ሲያሳልፉት አሻግሬ ስሙን ጠራው። ልጁ ቀና አላለም።

ሜዳው ሲጸዳ ኦቦ ሙለታ ብቻ ቀርተው ነበር። ከግንባራቸው የወረደው ደም ጢማቸው ላይ ረግቷል፤ የፈረሳቸውን ኮርቻ ያጠብቃሉ። አሻግሬ ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ ፈንቅሎ አነሳ። በአገሩ ባጠፋ ሰው ደንብ ማጅራቱ ላይ ተሸከመው፤ እያጎነበሰ ሄዶ ፊታቸው ተንበረከከ።

«ይምቱኝ። ይግደሉኝ። ልጁ የወረወረው በኔ ውሸት ነው።»

ሽማግሌው ኮርቻውን አጥብቀው ጨረሱ። ከዚያ ዞር ብለው አዩት፤ ብዙ አዩት።

«እነሱ አልሰሙህም» አሉ። «እኔ ግን ስትጮህ ሰምቼሃለሁ።»

«ይምቱኝ እንግዲያ!»

«በዚህ አገር ዘመድ አለህ?»

«የለኝም።»

«በአገርህስ?»

አሻግሬ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አስተካከለ።

«በኛ ዘንድ ደም የቤት ሸክም ነው» አሉ ኦቦ ሙለታ። «ዛሬ ልጄ ገደለ። ነገ ጉማው በኔ ላይ ይዞራል። ከወንድሞቼ ጋር፣ ከወንድሞቼ ልጆች ጋር፣ ገና ካልተወለዱት ጋር ሆነን እንሸከመዋለን። ከባድ ነው፤ ግን ትከሻው ብዙ ነው፤ አንድ ቀን ይወርዳል። ያንተን ማን ያግዝሃል?»

ሽማግሌው መልሱን አልጠበቁም። ፈረሳቸው ላይ ወጡና ልጃቸው ወደታሰረበት ወደ ፖሊስ ጣቢያው መንገድ ያዙ። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። አሻግሬ ድንጋዩን እንደተሸከመ ተንበርክኮ ቀረ፤ አውርድ የሚለው ሰው አልነበረም።